ድብ ይግባ ወይስ ይቅር? ለጉባኤው የምናቀርበው የአደን ዕቅድ

ሰብሳቢ

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ስብሰባ የተነሣው የአደን ጉዳይ ብዙ ሰው ስላነጋገረ በጽሑፍ እንጨርሰው ተብሏል። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው መነሻ ረቂቅ ይኸው፦

«ማኅበሩ በመጪው ኅዳር ፈቃደኛ አባላቱን ይዞ ቨርጂኒያ ውስጥ ወደሚገኘው የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ይወጣል። አጋዘንና ጥቁር ድብ ያድናል። የተገኘውን ሥጋ በገና ዝግጅታችን ላይ ያቀርባል።»

የማይሆነውን አውጡ፣ የጎደለውን ጨምሩ። እባካችሁ «ጥሩ ነው» ብቻ ብላችሁ አትለፉ።

ገንዘብ ያዥ

እኔ ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ልጀምር። የገና ዝግጅታችን በትኬት ነው፣ ምግቡም ትኬቱ ውስጥ ነው። በዚህ ግዛት ደግሞ የታደነ የዱር እንስሳ ሥጋ መሸጥ ክልክል ነው። ትኬት ቆርጠን የአጋዘን ጥብስ ካቀረብን «ሸጣችኋል» ልንባል እንችላለን። ማኅበሩን እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ አላስገባም። «ሥጋውን አዳኞቹ በነጻ ይከፋፈሉታል» ይባል። የሚተርፍ ካለ ሃንተርስ ፎር ዘ ሃንግሪ የሚባል ድርጅት አለ፤ ከአዳኞች የአጋዘን ሥጋ ተቀብሎ ለተቸገሩ ያደርሳል። በማኅበራችን ስም አንድ አጋዘን ብንሰጥ ደስ ይለኛል።

ወጣቶች ክፍል

በገንዘብ ያዥ ሐሳብ እንስማማለን። ድቡን ግን እንዳታስወጡብን! ልጆቹ በጣም የጓጉት ለእሱ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ጥቁር ድብ እንዳለ ይገመታል። መንግሥትም ወቅት ከፍቶ ፈቅዷል። ማን ይጎዳል?

አባል ከፍሮንት ሮያል

ልጄ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ድብ ማደን በሕግ የተፈቀደ ነው፤ እዚህ ተራሮች ላይም የቆየ ልማድ ነው። ጎረቤቶቼ በውሻ ያድናሉ። ሥጋውን ይበላሉ፣ ስቡን አቅልጠው ያስቀምጣሉ። አንዲት ነገር አይጥሉም፤ አከብራቸዋለሁ። እኔ ግን ድቡ ከረቂቁ ይውጣ ባይ ነኝ። ምክንያቴን በደንብ ልዘርዝርላችሁ።

የመጀመሪያው፣ ከመካከላችን ማን ይበላዋል? ኦርቶዶክሱ አይበላም። ሙስሊሙም አይበላም። ጴንጤው ወንድማችን ምናልባት ይቀምስ ይሆናል። የማንበላውን እንስሳ ለቆዳውና ለፎቶ ብለን በማኅበር ስም መግደል ልቤ አይቀበለውም። ላድን የወጣ ሰው የሚበላውን ያድን።

ሁለተኛው የደኑ ነገር ነው። እዚያው ደን ውስጥ ባለው ማሳኑተን ተራራ ላይ ማውንቴን ሎረል የሚባል ቁጥቋጦ አለ። ቅጠሉን አያረግፍም፣ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ግንዱ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ነው። እዚያ ውስጥ ሃያ ሠላሳ ሜትር ማየት ከቻልክ ዕድለኛ ነህ። ሕጉ ደግሞ በሕይወት እያለ ከ100 ፓውንድ በታች የሚመዝን ድብ አትግደል ይላል። ግልገል የምታስከትል እናትንም አትንካ ይላል። ብቻውን የቆመ ጥቁር ነገር ለጀማሪ ዓይን ሁልጊዜ ትልቅ ነው፤ የሚያስተያየው ሌላ ነገር የለማ። ግልገሎቹም ዛፍ ላይ ወጥተው ሊሆን ይችላል። ጆሮው ትልቅ ሆኖ ቀጥ ብሎ ከታየህ ገና ልጅ ነው። ራሱ ሰፊ ሆኖ ጆሮው ያነሰና ወደ ጎን የወጣ ከመሰለህ ትልቅ ነው። ይህን በሰከንዶች ውስጥ በቅጠል መሐል ለይቶ ማወቅ ልምድ ይጠይቃል። ልጆቻችን የላቸውም። ከእኛም ያለው ጥቂቱ ነው።

ሦስተኛው ሥጋው ነው። የድብ ሥጋ ውስጥ ትሪኪኔላ የሚባል ጥገኛ ትል ሊኖር ይችላል። ፍሪዘር አስተማማኝ አይደለም። ቋንጣ ማድረግም አይገድለውም። እስከ ውስጡ በደንብ መብሰል አለበት፤ ቢያንስ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። እኛ ደግሞ ሥጋ ስናይ እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሚጥሚጣው ነው። ለአጋዘኑም ቢሆን በረቂቁ ላይ በግልጽ ይጻፍልኝ፦ ቁርጥ የለም፣ ለብለብም የለም።

አጋዘኑ ይብቃን። እሱን በወጉ ካደንን ትልቅ ነገር ነው።

አባል ከአሌክሳንድሪያ

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። እኔ በበኩሌ መሣሪያ ይዤ አላውቅም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ያ ደን በእርግጥ ለእኛም ክፍት ነው? ባለቤቱ መጥቶ «ከመሬቴ ውጡ» ቢለንስ?

አባል ከፍሮንት ሮያል

እኅቴ፣ ባለቤቱ አንቺም ነሽ። ጆርጅ ዋሽንግተንና ጄፈርሰን አንድ ላይ የሚተዳደሩ ብሔራዊ ደኖች ናቸው። ስፋታቸው ወደ 1.8 ሚሊዮን ኤከር ይጠጋል፤ አብዛኛው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። የሕዝብ መሬት ነው። አገር ቤት በባሌና በአርሲ የደጋ አጋዘን የሚያድነው በአብዛኛው ከውጭ የመጣ፣ ብዙ ዶላር የከፈለ ሰው ነው። የአካባቢው ገበሬ ከሩቅ ያያል። እዚህ የታክሲ ሹፌሩም የሆስፒታል ሠራተኛውም ላይሰንስና የጥቂት ዶላር የደን ፐርሚት ይዞ መግባት ይችላል። ለዚህ ነው ይህን ዕቅድ አጥብቄ የምደግፈው። ስንት ዓመት በዚያ ተራራ ሥር በ66 አውራ ጎዳና እያለፍን የሌላ ሰው ይመስለናል።

ጥንቃቄው ድንበሩ ላይ ነው። ደኑ መሐል የግል መሬት አለ። ከሸለቆው ማዶ በምሥራቅ ያለው ሸናንዶዋ ናሽናል ፓርክ ደግሞ ፈጽሞ አይታደንበትም። ቅጠል ሲቀላ ሁላችን የምንሄድበት ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ እዚያ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ከባድ ቅጣት ይጠብቀዋል። ተራራው ላይ ስልክ ብዙ ቦታ ስለማይሠራ ካርታው ቀድሞ ይጫን፣ የወረቀቱም ይያዝ።

ዲያቆን

የቀኑ ነገር አሳሰበኝ። በተራራው በኩል ያለው የጠመንጃ አጋዘን ወቅት የሚከፈተው በፈረንጆቹ ኖቬምበር አጋማሽ ነው፤ በእኛ ከኅዳር 4 እስከ 10 ባለው ውስጥ ይውላል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። መሐሉ ጠባብ ነው። ቀኑን በደንብ ካልመረጥን በጾም መግቢያ ደም አፍስሰን፣ ሥጋ ተሸክመን ልንመለስ ነው።

ሥጋው ፍሪዘር ገብቶ ለገና ቢደርስ ክፋት የለውም። ዋላ በኦሪት ዘዳግም ከሚበሉት እንስሳት ተቆጥሯል። በጥይት የወደቀውን እንስሳ አስተራረድ በተመለከተ ግን እያንዳንዱ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። እዚህ ተከራክረን የምንፈታው ነገር አይደለም።

እሑድም ይውጣልኝ። በፈረንጆቹ ከ2022 ወዲህ በሕዝብ መሬት ላይ እሑድ ማደን ተፈቅዷል፤ ከአምልኮ ቦታ 200 ያርድ መራቅ ግዴታ ነው። ሕጉ ቢፈቅድም እኛ ቅዳሴ አለን።

አባል ከማናሳስ

በሙስሊም አባላት በኩል ችግር የለም። ስንተኩስ ቢስሚላህ ብለን ነው፣ በሕይወት ከደረስንበትም እናርደዋለን። ለመከፋፈሉ እንዲመች የእኛ ድርሻ ለብቻው ምልክት ይደረግበት።

ሌላ ማንም ያላነሣው ጉዳይ አለ። በሽታው። አጋዘንን አመንምኖ የሚገድል ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ የሚባል በሽታ ቨርጂኒያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው በፈረንጆቹ 2009 ፍሬድሪክ ካውንቲ በሚባል አውራጃ ነው። ሸናንዶዋና ዋረን ካውንቲዎችም ቁጥጥር ያለበት ክልል ውስጥ ናቸው። ማሳኑተን ደግሞ ከፊሉ እነሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ከዚያ ክልል ሙሉ አጋዘን መኪና ላይ ጭኖ ዉድብሪጅ ድረስ መምጣት አይቻልም። ራስና የጀርባ አጥንት ተለይቶ መቅረት አለበት። ስለዚህ ብልቱን እዚያው ማውጣት አለብን።

እኔ ሥጋ ቤት ሠርቻለሁ። ይህን ሥራ ለእኔ ተዉት። አጋዘኑ በኋላ እግሩ ይሰቀላል። ቆዳው ከላይ ወደ ታች ይገፈፋል። ሻኛ የለው፣ ስቡም እንደ በሬው አይደለም፤ ታላቅና ታናሽ፣ ጭቅናና ዳቢት ግን እንደ በሬው ቦታቸው ላይ ናቸው። ጭቅናውን ከአከርካሪው ሥር በቢላ ጫፍ ብቻ እያላቀቁ ማውጣት ነው። አጥንቱን በመጋዝ አንነካም፤ በሽታው የሚከማቸው በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ስለሆነ። ከዚያ በጨርቅ ከረጢት፣ ቀጥሎ በረዶ ያለበት ማቀዝቀዣ ውስጥ። ራሱን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ለምርመራ ይቀበላል። በሽታው ወደ ሰው ሲተላለፍ አልታየም፤ ግን የተገኘበትን ሥጋ አትብሉ ነው የሚባለው። ውጤቱ ሳይመጣ ማንም ሰው ድስት አይጣድ።

ወጣቶች ክፍል

እሺ፣ ስለ ድቡ የጋሼን ሐሳብ ተወያይተንበታል። «የምንበላውን እናድን» የሚለው አሳምኖናል። ግን ረቂቁ ድብ ማደንን የሚያወግዝ እንዳይመስል። የራሱን የድብ ላይሰንስ ያወጣ አባል በግሉ ቢያድን ማኅበሩ አያገባውም፣ ይባል።

የላይሰንስ ነገርም አለ። አፕረንቲስ ላይሰንስ የሚባል አለ። ኮርስ ሳትወስድ ከባለ ላይሰንስ አዋቂ ሰው ጋር ሁለት ዓመት ማደን ትችላለህ። በዚያ ብንገባ አይቀልም?

አባል ከፍሮንት ሮያል

ስለ ግል ፈቃዱ ትክክል ብለሃል፤ ይጨመር። በአፕረንቲሱ ግን አልስማማም። ሕጉ ይፈቅዳል፤ እኔ የምመራው ቡድን ግን ኮርሱን ሳይወስድ አይወጣም። የአዳኝነት ትምህርቱ በአካልም በኢንተርኔትም ይሰጣል። ምን ላይ እንደምትተኩስ ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ምን እንዳለ ማየትን ያስተምራል። በዚያ ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ከአጋዘኑ ጀርባ የቆመው ሌላ አዳኝ ሊሆን ይችላል። ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ልብስ በጠመንጃ ወቅት ግዴታ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ከባድ ነገርም ልበል፣ ማንም እንዳይከፋ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሣሪያ መያዝ ይችላል። ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለ፣ በቪዛ ያለ፣ ወይም ፍርድ ቤት የቆየ መዝገብ ያለው አባል ግን ጠበቃ ሳያማክር ጠመንጃ አይንካ። ለአፍታ «ያዝልኝ» እንኳ አትባባሉ። አንድ ቅዳሜ ለመዝናናት ተብሎ የስንት ዓመት ወረቀት አይበላሽ። እነዚህ አባላት አብረው ይምጡ፤ ካምፕ፣ ምግብ፣ ሥጋ ማውጣት፣ ሥራው ብዙ ነው።

ስለ ቦታ አመራረጥ፦ መስከረም መጨረሻ ላይ መሣሪያ ሳንይዝ ወጥተን የኦክ ዛፎቹን እንይ። የኦክ ፍሬ ለአጋዘኑ ሁሉ ነገር ነው። በበዛበት ዓመት አጋዘኑ የትም ይበላል፣ ተበትኖ ይውላል። ባነሰበት ዓመት ፍሬ የያዙት ጥቂት ዛፎች ሥር ይሰበሰባል። ነጩን ኦክ ያስቀድማል፤ ፍሬው ስለማይመር ነው። መሬቱን ዝቅ ብላችሁ እዩ። የተፈለጠ ልጣጭ፣ የተጫረ ቅጠል፣ ትኩስ ፋንድያ ካለ ቦታው እሱ ነው። በቆሎ መበተን ግን በሕግ ክልክል ነው፤ ማንም «ልርዳችሁ» ብሎ ጆንያ ጭኖ እንዳይመጣ።

የመክፈቻው ቅዳሜ በሰው ይጨናነቃል። ለጀማሪ አይሆንም። ሰኞና ማክሰኞ እንውጣ። ብዙዎቻችን ኡበርና ታክሲ ስለምንነዳ ቀን ማመቻቸት እንችላለን።

ዲያቆን

ሰኞና ማክሰኞ ከሆነ ረቡዕንም አመለጥን። ተስማምቻለሁ።

ሰብሳቢ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የተሻሻለው ረቂቅ ይህ ነው፦

«ማኅበሩ በኅዳር ወር፣ ከጾመ ነቢያት በፊት ባለው ሰኞና ማክሰኞ፣ ፈቃደኛ አባላቱን ወደ ማሳኑተን ተራራ ይዞ ይወጣል። የሚታደነው አጋዘን ብቻ ነው፤ በግሉ ሕጋዊ ፈቃድ ይዞ ድብ የሚያድን አባል ማኅበሩን አይወክልም። መሣሪያ የሚይዘው የአዳኝነት ትምህርት የጨረሰ፣ የአደን፣ የአጋዘንና የብሔራዊ ደን ፈቃድ ያሟላ፣ መሣሪያ ለመያዝ ሕግ የማይከለክለው አባል ነው። እንስሳው በስልክ ይመዘገባል፣ ብልቱ እዚያው ይወጣል፣ ራሱ ለምርመራ ይሰጣል። ሥጋው አይሸጥም፣ ጥሬውን አይበላም፤ ለአዳኞቹ በነጻ ይከፋፈላል፣ አንድ አጋዘን ለተቸገሩ ይሰጣል።»

ገንዘብ ያዥ የማቀዝቀዣና የነዳጅ ወጪውን ትገምትልን። ወጣቶች ክፍል እስከ ሐምሌ ኮርሱን የሚወስዱትን ስም ይሰብስብ።

ገንዘብ ያዥ

ወጪውን እስከ ሐሙስ አቀርባለሁ። አንድ ማስተካከያ፦ «አንድ አጋዘን ለተቸገሩ ይሰጣል» ይላል። አንድ ብቻ ከተገኘስ? «ከሁለት በላይ ከተገኘ» ይባል።

አባል ከፍሮንት ሮያል

የመጀመሪያው ይሰጥ። አንድም ቢሆን።

ገንዘብ ያዥ

እሺ ጋሼ። እንዳለ ይሁን።

ሰብሳቢ

እንዳለ ይሆናል። ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ማታ ይጻፍ፤ ቅዳሜ ለጉባኤው እልከዋለሁ።