«እውነት ከሆነ ለምን ተደበቁ?» ላለችኝ ልጅ ምን ልመልስ?

አሰላሙ ዐለይኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከ12 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ልጆች ሲራ (የነቢዩ ሙሐመድን የሕይወት ታሪክ) አስተምራለሁ። አሁን የምስጢራዊው ደዕዋ 3 ዓመታት ላይ ነን፤ ነቢዩ ሰዎችን ወደ እስልምና በድብቅ የጠሩበት ጊዜ ማለት ነው። ኸዲጃ፣ ዐሊይ፣ ዘይድና አቡበክር ቀድመው መስለማቸውን፣ ዑስማንና ጦልሓም በአቡበክር በኩል መምጣታቸውን ነገርኳቸው። የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች በድብቅ ይሰበሰቡበት የነበረውን፣ መካ ውስጥ ከሶፋ ኮረብታ አጠገብ የሚገኘውን የአርቀምን ቤት ሥዬ አሳየኋቸው። በጣም ወደዱት።

ከዚያ አንዷ እጇን አውጥታ «እውነት ከሆነ ለምን ተደበቁ?» አለችኝ። በእስልምናቸው ምክንያት የደረሰባቸውን፣ የቢላልን ስቃይና የሱመያን መገደል አነሳሁላት። «እሱ እኮ ደዕዋው ይፋ ከወጣ በኋላ ነው» አለች። ልክ ናት፤ ቅደም ተከተሉን ያምታታሁት እኔ ነኝ። ሌላው ልጅ ደግሞ «ታዲያ እኔም ሶላቴን ልደብቅ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይሄኛው ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ኡስታዞችና እናቶች፣ ጥንቃቄ ከፍርሃት እንደሚለይ በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ በምን ምሳሌ ታስረዳላችሁ?