ደሴ ላይ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ያለች ዲኤክስ፣ እርዱኝ

ጀመዓ እንደምን ናችሁ፣ መካኒክ የሆናችሁ እስኪ ምከሩኝ። መኪናዋ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ የቤንዚን፣ ደጅ ነው የምታድረው። ክረምት ከገባ ወዲህ ሌሊት ሲዘንብ ካደረ ወይ የጦሳ ተራራ ጉም ከወረደ ጠዋት ሞተሪኖው (ማስነሻው) እየዞረ ሞተሩ አልነሳም ይላል፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲነካት ግን ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች፣ ሞቅ ያለው ኮምቦልቻ ስታድር ደግሞ ይሄ ነገር የለም። ባትሪው ሲለካ 12.6 ቮልት ነው፣ ሙሉ ነው ማለት ነው። ጋራዥ የነዳጅ ፓምፕ ቀይር ተባልኩ፣ እኔን ግን አላሳመነኝም፣ የነዳጅ ቢሆን ፀሐይ ምን ያደርግላታል? ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር ክዳኑን ስከፍት ውስጡ ጤዛ ይዟል፣ በደረቅ ጨርቅ ስጠርገው ወዲያው ተነሳች። ክዳኑ ተሰንጥቆ ይሆን ወይስ የካንዴላ ገመዶቹ ናቸው? ሁለቱንም ልቀይር? እናቴን በጠዋት ሆስፒታል የማመላልሳት በሷ ነውና የምታውቁ ቶሎ በሉኝ፣ አላህ ይስጣችሁ።