ለልጆች ንባብ ክፍል የጣና ዳር አኳሪየም፦ የጋራ ዕቅዱን ለማጠናቀቅ የተደረገ የአባላት ውይይት

ሰብሳቢ፦
ጤና ይስጥልኝ አባላት። ለትምህርት ቤቱ የምናቀርበው የአኳሪየም ዕቅድ እዚሁ ተወያይተንበት እንዲያልቅ ባለፈው ስብሰባ ተስማምተናል። በእጃችን ያለው ረቂቅ ሦስት መስመር ብቻ ነው፦ «በልጆች ንባብ ክፍል የመስታወት ገንዳ ይቀመጥ፤ ዕፅዋትና ዓሣ ይኑሩበት፤ ወጪው በአባላት መዋጮ ይሸፈን።» የቀረውን እናንተ ሙሉት።

የኔን ሐሳብ ላስቀድም። የባሕር ዳር ልጅ ጣናን የሚያውቀው ከላይ ነው። ጀልባውን፣ ደንገሉን፣ ጉማሬውን ያውቃል፤ ዓሣውን ደግሞ በሳህን ላይ። ከውኃው ሥር ምን እንደሚበቅል፣ ትንንሾቹ ዓሦች የት ተሸሽገው እንደሚያድጉ የሚያይበት ቦታ የለውም። ገንዳው ይህን ካሳየው ሙሉ ልቤን እሰጠዋለሁ። ለክፍሉ ጌጥ ብቻ ከሆነ ግን ገንዘቡ መጻሕፍት ቢገዛበት እመርጣለሁ።

መስታወት ቤት ያለው አባል፦
ልኬቱን እኔ ላቅርብ። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ውኃው 45 ድረስ ሲሞላ 180 ሊትር ይሆናል። መስታወቱ ከ10 ሚሊ ማነስ የለበትም፤ ለመስኮት የምንቆርጠው 4 እና 5 ሚሊ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይታሰብም። ከላይም ዙሪያውን ማጠናከሪያ ርብራብ እለጥፍበታለሁ።

መስታወቱን የምናጣብቅበትን ሲልከን በተመለከተ አደራ የምለው አለ። ለመታጠቢያ ቤት ተብሎ የሚሸጠው ሻጋታ እንዳይዝ መድኃኒት የተጨመረበት ስለሆነ ዓሣ ይጎዳል። ምንም ያልተጨመረበት፣ ገንዳ መሥሪያ ተብሎ የተጻፈበት ነው መገዛት ያለበት። ከተለጠፈ በኋላ አንድ ሳምንት ሳይነካ ይድረቅ፤ ከዚያ ግቢ ውስጥ ሙሉ ውኃ ይዞ ጥቂት ቀን ይሰንብት። ማፍሰሱን የምናየው እዚያ እንጂ መጻሕፍት አጠገብ አይደለም።

ክብደቱንም አስቡት። ውኃው፣ መስታወቱ፣ አሸዋው ተደምሮ 250 ኪሎ አካባቢ ይመጣል፤ ማስቀመጫው ሲጨመር ከዚያም ያልፋል። የትምህርት ቤት ጠረጴዛ አይችለውም። የብረት ማስቀመጫ ይበየድ፣ ላዩ ላይ ኮምፔንሳቶና ስስ ፎም ይነጠፍ። ቦታው ምድር ቤት፣ የግድግዳ ጥግ፣ ቀጥታ ፀሐይ የማያገኘው ይሁን።

የሁለት ተማሪዎች እናት፦
አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ያየኋቸው ጅራታቸው ባለብዙ ቀለም ትንንሽ ዓሦች አሉ፤ ጉፒ ይሏቸዋል። ልጅን የሚስበው ቀለም ነው። ዋጋቸውም ብዙ አይደለም፣ በቶሎም ይራባሉ። ለምን ሃያ ያህል አናመጣም? አንድ ወጣት አባላችን ደግሞ ላዩ ላይ እምቦጭ ብናንሳፍፍ አበባው ያምራል፣ በነፃም ይገኛል ብሎኛል።

የባዮሎጂ መምህር፦
እህቴ፣ ስለ ቀለሙ ልክ ነሽ። እምቦጩን ግን ከወዲሁ እንዝጋው። እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። ዓለምን ያዳረሰው በአብዛኛው ሰው አበባውን ወዶ ከቦታ ቦታ ስለወሰደው ነው። ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውኃ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ሁላችንም አይተናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ልጆቻችን እምቦጭን በጌጥነት እንዲያውቁት አልፈልግም።

ጉፒውም ከዚሁ አይርቅም። በቶሎ ይራባል ያልሽው ራሱ ነው የሚያሳስበኝ። ገንዳው ሲጨናነቅ፣ ወይም ክረምት ላይ የሚንከባከብ ሲጠፋ፣ አንድ ልበ ርኅሩኅ ልጅ በጀሪካን ይዞ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ሐይቁ ደግሞ በእግር የሚደረስበት ነው። ጣና ከታችኛው ዓባይ ዓሦች የተለየው 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው፤ ከሥር ያለው ዓሣ ያንን ዘሎ አይወጣም። ስለዚህ ነው እዚህ ብቻ የሚገኙ 15 ገደማ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ያሉን። ፏፏቴው የከለከለውን እኛ በጀሪካን አናስገባ።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ዋናው ነገር ዕፅዋቱ ይሁን፣ እነሱም ከጣና የራሱ ይሁኑ። ሁለት ይበቁናል። አንደኛው ቫሊስኔሪያ ነው፤ ረጅምና ጠባብ ቅጠል አለው፣ ከሥሩ እየተሳበ አዲስ ቡቃያ ያወጣል። ሁለተኛው ሴራቶፊለም ነው፤ ሥር የለውም፣ ቅጠሉ በክብ በክብ የተደረደረ ነው፣ ተንሳፍፎም ያድጋል። ሁለቱም ለጀማሪ የማያስቸግሩ፣ ከጠርሙስ የሚሰጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የማይፈልጉ ናቸው። ብርሃን ሲያገኙ ከቅጠላቸው የሚወጡት ጥቃቅን የኦክስጅን አረፋዎች መስታወቱ ላይ ተጠግቶ ለሚያይ ልጅ በግልጽ ይታያሉ። ከመጽሐፍ የማስተምረውን ፎቶሲንተሲስ በዓይኑ ያየዋል ማለት ነው።

ጋሼ፣ ስለ ዓሣው እርስዎ ይንገሩን።

ዓሣ አስጋሪው፦
እሺ መምህር። ቆሮሶ (ቲላፒያ) አታስቡ። ወንዱ ለመራቢያ አሸዋውን በአፉ እያነሳ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ የተከላችሁትን ሁሉ ነቅሎ ያንሳፍፈዋል። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፤ ይህ ለልጆች ቢታይ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ለእሷ ይህ ገንዳ ጠባብ ነው። አምባዛም ያገኘውን ሁሉ ይውጣል። ነጭ ዓሣ ግልገል ሆኖ ቢገባም ያድጋል፤ ክንድ የሚያህለውን እኔ በመረቤ አውጥቻለሁ።

የሚሆናችሁ ከዳር ዳር፣ ደንገልና ሣር ውስጥ በመንጋ የሚሄዱት ጣት የማይሞሉ ዓሦች ናቸው። አድገውም ከዚያ መጠን አያልፉም። ለየብቻቸው ሲሆኑ ይደነግጣሉ፤ ስድስት ሰባት ሆነው ይግቡ። ግን ከሕፃን ነጭ ዓሣ ጋር ይመሳሰላሉ፤ የሚለይላችሁ ሰው ያስፈልጋል።

የባዮሎጂ መምህር፦
ጋሼ ትክክል ብለዋል። ለመለየቱ ከተማችን ውስጥ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል በደብዳቤ እንጠይቅ። ከሐይቁ ዓሣ ለማውጣት ፈቃድ የሚሰጠው አካልም አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ሳይፈቀድ አንዲትም አትወጣም። ፈቃድ ካልተገኘ ገንዳው በዕፅዋት ብቻ ይከፈታል፤ ለኔ ያም በቂ ነው።

ሲስተር (ጤና ጣቢያ የምትሠራ አባል)፦
ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ቢልሃርዚያ። ጣና ዳር ባሉ ልጆች ላይ በየጊዜው የምናየው በሽታ ነው። ተህዋሱ የሚኖረው በትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወደ ውኃው ይወጣና በቆዳ በኩል ይገባል። ከሐይቁ ተክል ስታመጡ ቀንድ አውጣውንም አብራችሁ ልታመጡ ትችላላችሁ፤ ልጆቹ ደግሞ እጃቸውን መክተታቸው አይቀርም። ስለዚህ ተክሉ በቀጥታ ገንዳ ውስጥ እንዳይገባ እጠይቃለሁ።

ነፃ የወጣ ተህዋስ ውኃ ውስጥ ሁለት ቀን አያልፍም፣ ይሞታል። ሥጋቱ በሽታውን ተሸክሞ የመጣው ቀንድ አውጣ ነው፤ እሱ ብዙ ቀን እየረጨ ይቆያል። እንግዲህ እንዲህ ይደረግ፦ የሴራቶፊለሙ ጫፍ ጫፉ ብቻ ይቆረጥ፣ ቫሊስኔሪያው ቅጠል በቅጠል ይታጠብ፣ ከዚያ ሁሉም በቧንቧ ውኃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ስድስት ሳምንት ለብቻው ይቀመጥ። ሳፋው ከልጆች ይራቅ፤ የሚነካው ሰው እስከ ክርኑ የሚደርስ ጓንት ያድርግ። ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩት፤ እንቁላሉ ከቅጠሉ ጀርባ የተለጠፈ ብርሃን የሚያሳልፍ ዝልግልግ ነገር ነው። ተፈልፍለው የሚወጡት ግልገሎች በሽታውን ይዘው አይወለዱም፣ የሚይዛቸው ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ከሚመጣው ነው። ቢሆንም ሁሉም ይለቀሙ። ጋሼ፣ እርስዎም ሲለቅሙ ቦት ጫማና ጓንት አይርሱ።

ኤሌክትሪሻኑ፦
የመብራቱ ነገር የኔ ነው። ለዕፅዋቱ ነጭ ኤልኢዲ በታይመር በቀን ለ7 ሰዓታት ይበራል። ከዚያ ከበዛ መስታወቱን አልጌ ይወርሰዋል፤ ብርሃን ሲጨመር ተክሉ ይፋፋል የሚባለው ሁልጊዜ አይሠራም። ማጣሪያው ስፖንጅ ሆኖ በትንሽ የአየር ፓምፕ ይሥራ፤ የሚወስደው ኃይል አምስት ዋት አይሞላም። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚነሳ ሁለተኛ ፓምፕ እገጥማለሁ። ከገንዳው የሚወጣው ገመድ ሁሉ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ወርዶ ተመልሶ ወደ ላይ ይውጣ፤ ጠብ ያለ ውኃ ገመዱን ተከትሎ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ።

ማሞቂያ ያስፈልጋል?

የባዮሎጂ መምህር፦
የአገራችን ዓሣ ከሆነ አያስፈልግም። የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ቢቀዘቅዝም 180 ሊትር ውኃ በዝግ ክፍል ውስጥ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ የጣና ዓሣም ይህን የለመደ ነው። ጉፒ ቢሆን ኖሮ ሌላ ወጪ ነበር።

ፓምፑ ግን ቢጠፋ ይቆጫል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ላይ ነን፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካሉ አገሮች በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ሌሊት ደግሞ ዕፅዋቱም ኦክስጅን ይወስዳሉ። ከውጭ አገር መመሪያ ላይ «ለዚህ ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚለውን እንዳለ አንውሰድ፤ እንቀንስ።

አፈሩን ልጨምር። ከሥር ፍግ ያልነካው የግቢ አፈር ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር፣ ከላዩ የታጠበ አሸዋ ሦስት ሳንቲ ሜትር። አሸዋው በሳፋ እየታጠበ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ይታሽ፤ እዚህ ላይ የሰነፈ ገንዳው ለብዙ ቀን ደፍርሶ ይቆይበታል። ለድንጋይ ጥቁር ድንጋያችን ጥሩ ነው። የምትጠራጠሩት ድንጋይ ካለ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፤ ከፈላ ኖራ አለበትና ይቅር። ከማጣሪያው አጠገብ ጥቂት የታጠበ ቀይ አሽ ብናደርግ ቀዳዳው ለባክቴሪያ ማደሪያ ይሆናል።

ባክቴሪያ ያልኩት ዋናው ጉዳይ ስለሆነ ነው። የዓሣ እዳሪና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ይገድላል። አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ እሱም ይገድላል። ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፣ እሱን ዕፅዋቱ ይመገቡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ገንዳው በተተከለ ማግሥት ዓሣ አይገባም። ቁንጥር ምግብ እየጣልን ባክቴሪያዎቹን እንመግባቸዋለን፤ ቀለሙን በሚለውጠው የውኃ መመርመሪያ አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ ሲያሳዩ ብቻ ዓሣው ይገባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ የሚፈሰው ነፍስ ነው።

የሁለት ተማሪዎች እናት፦
ሐሳቤን አንስቻለሁ፤ የጀሪካኑ ነገር በእውነት ሊሆን የሚችል ነው፣ ልጄን አውቃታለሁ። በአንድ ነገር ግን አልለቅም። ልጆቹ እነዚያን ስድስት ሳምንታት ባዶ ገንዳ እያዩ እንዳይሰለቹ ሥራ ይሰጣቸው። ቅጠሉ ስንት እንዳደገ በማስመሪያ ይለኩ፣ የመመርመሪያውን ቀለም በደብተር ይሳሉ። ቀለም ያልኩትም በዚህ ይገኛል። መጋቢም በተራ ከእነሱ ይመረጥ፤ ቅዳሜና እሑድ ምግብ ባይሰጥ ምንም አይሆኑም ብሎኛል መምህር።

መስታወት ቤት ያለው አባል፦
የሚቀየረው ውኃስ የት ይደፋል? የግቢው ቦይ ወደ ሐይቁ ነው የሚወርደው።

ዓሣ አስጋሪው፦
ፓፓያው ሥር ይደፋ። ለተክል መልካም ነው፣ ወደ ጣናም አይሄድም። የተገረዘውም ቅጠል ደርቆ ይቀበር።

ጸሐፊ፦
የተባለውን አጠቃልዬ ረቂቁን እንዲህ ጽፌዋለሁ፤ ቃል የሚስተካከል ካለ ንገሩኝ።

«ማኅበራችን በልጆች ንባብ ክፍል ምድር ቤት 180 ሊትር የሚይዝ፣ የጣናን ዳር የውኃ ውስጥ ዕፅዋት የሚያሳይ አኳሪየም በራሱ ወጪ ለማቆም ይጠይቃል። ዕፅዋቱ ከክረምቱ መውጣት በኋላ፣ ውኃው ሲጠራ፣ በጥቅምት ይለቀማሉ፤ በጤና ባለሙያ ክትትል ስድስት ሳምንት ተለይተው ይቆያሉ። ገንዳው በዚሁ ጊዜ ተሠርቶ ይፈተሻል። ተከላው በኅዳር መጨረሻ ይሆናል። ዓሣ የሚገባው የውኃው ምርመራ ሲፈቅድና ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ሲገኝ ብቻ ነው፤ ቁጥሩም ከሰባት አይበልጥም። ከውጭ የመጣ ዓሣም ሆነ ተክል አይገባበትም። ከገንዳው የወጣ ውኃ፣ ተክል ወይም ዓሣ ወደ ሐይቁም ሆነ ወደ ቦይ አይጣልም። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ክፍት ሮቶ ውስጥ አንድ ቀን አየር እየተነፋበት ካደረ በኋላ ይጨመራል፤ በየሳምንቱ ከአምስት አንድ እጁ ይቀየራል።»

ሲስተር፦
«ልጆች ያለ አዋቂ እጃቸውን አይከቱም» የሚል ይጨመር። ክዳኑም ቁልፍ ይኑረው።

ጸሐፊ፦
ተጨምሯል። ለመስታወቱና ለብረቱ ሦስት ፕሮፎርማ እስከ ዓርብ ይምጣልኝ። ለምርምር ማዕከሉ የሚጻፈውን ደብዳቤ መምህር ያርቅቁልኝ፣ ሰብሳቢያችን ይፈርሙበታል። ኤሌክትሪሻናችን የክፍሉን ሶኬቶች ሰኞ ከክፍል በኋላ ያያል፤ ቁልፉን ከጥበቃው እኔ እቀበላለሁ።