ፒኤስኤም 1ን ከጅማ ሆኖ መፈተን፦ የልምምድ ውጤቴ 80 ላይ ቆሟል

ሄርማታ_ጫፍ፦
ሰላም እህት ወንድሞች። ጅማ ነኝ፣ ሶፍትዌር ላይ ነው የምሠራው። በሚቀጥለው ወር የስክረም ማስተር (ቡድን ስክረም የተባለውን በአጫጭር ዙር የመሥራት ዘዴ እንዲከተል የሚረዳ ሰው) ፈተናን፣ ማለትም ፒኤስኤም 1ን ልፈተን አስቤያለሁ። የስክረም ጋይድን (የዘዴው ሕጎች የተጻፉበትን መመሪያ) ሁለት ጊዜ አንብቤያለሁ፤ የልምምድ ጥያቄ ስሠራ ግን ከ78 እስከ 81 ከመቶ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ማለፊያው 85 ነው። የምስተው ባብዛኛው «ይህን ማን ይወስናል» የሚሉት ላይ ነው። ሲኤስኤም፣ ሌላው የስክረም ማስተር ሰርተፍኬት፣ ይሻለኝ ይሆን? የመብራቱንና የኔትወርኩን ነገርስ እንዴት ትወጡታላችሁ? የሚያውቅ ቢነግረኝ።

ሁለተኛ_ጀበና፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው። ፈተናው 80 ጥያቄ በ60 ደቂቃ ነው፤ ለአንዱ 45 ሴኮንድ ይደርሰዋል። 85 ከመቶ ማለት 68 መመለስ ነው፣ 12 መሳት ይፈቀድልሻል። አንቺ 80 ከመቶ ካመጣሽ 64 መልሰሻል፤ የጎደለሽ 4 ጥያቄ ብቻ ነው። ለ4 ጥያቄ ብሎ ሁሉን ከሀ መጀመር ድካም ነው። የሳትሻቸውን ሰብስበሽ የቱ ርዕስ ላይ እንደሚከማቹ እዪ።

ስለ ሲኤስኤም፦ ፈተናው ራሱ ይቀላል፣ ከ50 ጥያቄ 37 መመለስ ይበቃል። ግን ፈቃድ ካለው አሠልጣኝ ኮርስ ሳትወስጂ አትፈተኚም፤ ገንዘቡ የሚሄደው እዚያ ነው። በየሁለት ዓመቱ ደግሞ ማደሻ አለው፣ 100 ዶላርና 20 የትምህርት ነጥብ። ፒኤስኤም 1 ኮርስ አያስገድድም፤ 200 ዶላር ከፍለሽ ትፈተኛለሽ፣ ካለፍሽ ማደስ የለም። ዶላር እንደ ልብ በማይገኝበት አገር እኔ የምመርጠው ግልጽ ነው።

ሲኤስኤምን ከመረጥሽ ግን የሰዓቱን ነገር ልብ በዪ። ኮርሱ ባብዛኛው ኢንተርኔት ላይ በቀጥታ የሚሰጥ ነው፣ ሰዓቱም በአሠልጣኙ አገር ይጻፋል። «ከጠዋቱ 9፡00 ኒውዮርክ» ከተባለ በእነሱ በጋ እኛ ዘንድ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፣ በእነሱ ክረምት 11 ሰዓት። የስምንት ሰዓት ትምህርት ከሆነ እስከ ሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ድረስ ትቀመጫለሽ ማለት ነው። 9፡00ን አይቶ በእኛው አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት መስሎት የሚገባ አይጠፋም።

ቢሺሼ_ማዶ፦
እኔ የምጠረጥረው የልምምድ ጥያቄውን ራሱን ነው። የወጣው ከየት ነው? በቴሌግራም የሚዞሩት ፒዲኤፎች ብዙዎቹ ከኅዳር 2020 በፊት በነበረው ጋይድ የተሠሩ ናቸው (በፈረንጅ አቆጣጠር)። አሁን የሚጠየቀው በ2020ው ነው። አሮጌውን በነዚህ ትለዪዋለሽ፦ ሥራውን የሚሠሩትን «ዴቨሎፕመንት ቲም» ይላል፣ አሁን «ዴቨሎፐርስ» ብቻ ነው። ቡድኑ ከ3 እስከ 9 ሰው ነው ይላል፣ አሁን ፕሮዳክት ኦነሩንና (ምርቱ ምን እንደሚሆን የሚወስነውን) ስክረም ማስተሩን ጨምሮ በተለምዶ 10 ወይም ከዚያ በታች ነው። ዴይሊ ስክረም (የየቀኑ አጭር ስብሰባ) ላይ «ትናንት ምን ሠራሁ፣ ዛሬ ምን እሠራለሁ፣ ምን አገደኝ» የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ይዘረዝራል፣ እነሱ ወጥተዋል። ባክሎግ (የሚሠሩ ነገሮች ዝርዝር) ማጥራት ከቡድኑ አቅም ከ10 ከመቶ አይበልጥም ይላል፣ እሱም ወጥቷል። ፕሮዳክት ጎል (የምርቱ የረጅም ጊዜ ግብ) የሚባል ነገር ጭራሽ ከሌለበት አሮጌ ነው፣ አጥፊው።

ክፉው ነገር ጥያቄው ያው ሆኖ መልሱ መለወጡ ነው። ምሳሌ፦ መሥሪያ ቤቱ የራሱ መስፈርት ከሌለው «ዴፊኒሽን ኦፍ ደን»ን (ሥራ አለቀ የሚባልበትን መለኪያ) የሚያወጣው ማን ነው? በአሮጌው ዴቨሎፕመንት ቲሙ ነበር። በአሁኑ መላው ስክረም ቲም ነው። በአሮጌው ፒዲኤፍ የተለማመደ ሰው እዚህ ላይ በሙሉ ልብ ይሳሳታል።

ፒኤስኤምን የሚሰጠውን የስክረም ዶት ኦርግን ነፃ መለማመጃ ተጠቀሚ፣ ስክረም ኦፕን የሚባለውን፦ 30 ጥያቄ በ30 ደቂቃ። ደጋግመሽ 100 እስክታመጪ ሥሪው፤ አንድ ጊዜ 100 ማምጣት ዕድል ሊሆን ይችላል። ግን ከዋናው ፈተና ይቀላል፣ በእሱ ብቻ ተማምነሽ አትግቢ።

ሄርማታ_ጫፍ፦
አመሰግናለሁ። አዎ፣ በቴሌግራም የደረሰኝ ነው፤ አሁን ሳየው «ዴቨሎፕመንት ቲም» ሞልቶበታል። አንድ ጥያቄ ግን በነፃው መለማመጃ ራሱ ግራ አጋብቶኛል፤ መልኩ እንዲህ ነው፦ ስክረም ማስተሩ ዴይሊ ስክረም ላይ መገኘት ግዴታው ነው? እኔ «አዎ» ብዬ ተሳሳትኩ። እኛ ቢሮ ሁልጊዜ እሱ ነው የሚመራው።

ቢሺሼ_ማዶ፦
«እኛ ቢሮ» ያልሽው ነው በሽታው። ፈተናው ቢሮሽን አይጠይቅም፣ ጋይዱ የጻፈውን ነው የሚጠይቀው። ጋይዱ ዴይሊ ስክረም የዴቨሎፐሮች ነው ይላል፣ 15 ደቂቃ። ስክረም ማስተሩ ስብሰባው መኖሩንና ከ15 ደቂቃ አለማለፉን ያረጋግጣል እንጂ መገኘት ግዴታው አይደለም። ስክረም ማስተሩ ወይም ፕሮዳክት ኦነሩ የስፕሪንት (የአንዱ የሥራ ዙር) ባክሎግ ሥራ በእጃቸው ከያዙ ግን እንደ ዴቨሎፐር ሆነው ይሳተፋሉ። ያቺን «ከያዙ» የምትል ቅድመ ሁኔታ ፈታኞቹ ይወዷታል።

«ማን ይወስናል» ለሚሉት እነዚህን ያዢ። ስፕሪንትን መሰረዝ የሚችለው ፕሮዳክት ኦነር ብቻ ነው፣ ያውም ስፕሪንት ጎሉ (የዙሩ ግብ) ጊዜው ሲያልፍበት። ለስፕሪንቱ ስንት ሥራ እንደሚገባ የሚመርጡት ዴቨሎፐሮች ናቸው፣ ከፕሮዳክት ኦነሩ ጋር ተነጋግረው፤ አለቃም ሆነ ስክረም ማስተር በላያቸው አይጭንም። የሥራውን መጠን የሚገምቱትም ሥራውን የሚሠሩት ዴቨሎፐሮች ናቸው። ፕሮዳክት ባክሎግን የማስተዳደር ተጠያቂነት የፕሮዳክት ኦነሩ ነው፤ ሥራውን ለሌላ ሊሰጥ ይችላል፣ ተጠያቂነቱን ግን አይሰጥም። ፕሮዳክት ኦነር አንድ ሰው ነው፣ ኮሚቴ አይደለም። «ኮሚቴ» የሚል አማራጭ ካየሽ ሳትጨርሺ እለፊው።

አንድ በደንብ የምትመጣ ደግሞ ልጨምር። ስፕሪንቱ ተጋምሷል፣ ዴቨሎፐሮቹ ሁሉን መጨረስ እንደማይችሉ አወቁ። ምን ያድርጉ? ከአማራጮቹ ውስጥ «ስፕሪንቱን በሦስት ቀን ማራዘም» ይኖራል፤ ስፕሪንት አይራዘምም፣ ይህን አማራጭ ሰርዢው። «ዴፊኒሽን ኦፍ ደንን ማላላት» ይኖራል፤ ጥራት አይቀነስም፣ ይህንንም አማራጭ ሰርዢው። «ተጨማሪ ሰው መጠየቅ» እያለ ያባብልሻል። ትክክለኛው ከፕሮዳክት ኦነሩ ጋር ስለ ሥራው ስፋት እንደገና መነጋገር ነው፣ ስፕሪንት ጎሉ ሳይነካ። ዴፊኒሽን ኦፍ ደንን ያላሟላ ሥራ ስፕሪንት ሪቪው (በዙሩ መጨረሻ ውጤቱ የሚታይበት ስብሰባ) ላይ እንኳ አይቀርብም፣ ወደ ፕሮዳክት ባክሎግ ይመለሳል። «90 ከመቶ አልቋል» የሚባል ነገር የለም፤ ጀበናው ካልፈላ ስኒ ላይ ምን ይቀዳል?

ሁለተኛ_ጀበና፦
ሰዓቶቹንም በቃል ያዣቸው፣ በቀላሉ የሚገኙ ነጥቦች ናቸው። ለአንድ ወር ስፕሪንት፦ ፕላኒንግ (ማቀጃው ስብሰባ) ቢበዛ 8 ሰዓት፣ ሪቪው 4፣ ሬትሮስፔክቲቭ (ቡድኑ አሠራሩን የሚገመግምበት) 3። ለሁለት ሳምንት ስፕሪንት «ግማሹ ነው» ብለሽ እንዳትደመድሚ፤ ጋይዱ ባብዛኛው ያጥራል ነው ያለው፣ በትክክል ይካፈላል አላለም። ዴይሊው ስፕሪንቱ ምንም ያህል ቢሆን 15 ደቂቃ ነው።

ብዙ ቡድን በአንድ ምርት ላይ ሲሠራስ? ፕሮዳክት ባክሎጉም፣ ፕሮዳክት ኦነሩም፣ ፕሮዳክት ጎሉም አንድ ነው። ይህችን የሳተ ሁለት ሦስት ጥያቄ አብሮ ይስታል።

ኪቶ_መንገድ፦
ስለ መብራትና ኔትወርክ ልግባ። ፒኤስኤም 1 ቀጠሮ የለውም፣ ካሜራ ከፍቶ የሚጠብቅሽ ፈታኝም የለም። ስትከፍዪ ፓስወርድ ይላክልሻል፤ ፓስወርዱ አያልፍበትም፣ ስለዚህ መብራት ያለበትን ቀን ራስሽ ትመርጫለሽ። ጠዋት ይሻላል፤ በክረምት ጅማ ከሰዓት በኋላ ምን እንደምትመስል ለአንቺ አልነግርም።

ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይሁን፣ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት የሚበቃ። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ ስልክሽ ላይ የሞባይል ዳታ ገዝተሽ ሆትስፖቱን ከላፕቶፑ ጋር አስቀድመሽ አገናኚ፣ የይለፍ ቃሉን ያኔ መጻፍ እንዳይመጣ። ፈተናው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ብዙ ዳታ አይበላም። ኔት ከተቋረጠ በዚያው ፓስወርድ ተመልሰሽ ገብተሽ ትቀጥያለሽ፣ ሰዓቱ ግን አይጠብቅሽም። አምስት ደቂቃ ከጠፋብሽ ወደ 7 ጥያቄ ገደማ ሄደ ማለት ነው። ለዚህ መፍትሔው የመጀመሪያውን ዙር በ45 ደቂቃ መጨረስ ነው፦ ያልገባሽን ምልክት አድርገሽበት እለፊ፣ በቀረው 15 ደቂቃ ተመለሺ። ግን ምልክት ብታደርጊም ባዶ አትተዪው፣ አንዱን መርጠሽ እለፊ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ባዶው እንደ ስሕተት ነው የሚቆጠረው።

ጥያቄው ስንት መልስ እንደሚፈልግ ሳታዪ አትምረጪ። «ሦስት ምረጥ» ተብሎ ሁለት መርጦ የሚያልፍ ብዙ ነው። «አይደለም» የምትለውን ቃልም ፈልጊ፣ በ45 ሴኮንድ ውስጥ ዓይን ይዘላታል።

ክፍያው ላይ የአገር ውስጥ ኤቲኤም ካርድ አይሠራም። ኢንተርኔት ላይ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ያስፈልጋል። ባንክሽን ካርዱ የኢንተርኔት ክፍያ እንደተከፈተለትና ገደቡ ከ200 ዶላር በላይ እንደሆነ ጠይቂ፤ ካርዱ ኖሮ ክፍያው ሳይከፈትለት የሚመለስ ብዙ ነው። አንድ ፓስወርድ ለአንድ ሙከራ ብቻ ነው፣ ከወደቅሽ እንደገና ትከፍያለሽ። ደግሞ አካውንቱን ስትከፍቺ ስምሽን በፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ጻፊ፣ ሰርተፍኬቱ ላይ የሚወጣው እሱ ነው።

ሄርማታ_ጫፍ፦
ፒዲኤፉን አጥፍቼዋለሁ። ነገ ባንክ እሄዳለሁ።