ዲሲ አካባቢ የክላሲክ ሮክ ትሪቢዩት ትኬት በቅናሽ ከየት ይገኛል?

ሰላም የዲኤምቪ ልጆች፣ ባለቤቴ ፒንክ ፍሎይድ ሲባል የሚሆነውን ያጣል፣ አዲስ አበባ እያለ ካሴት ሲያሳድድ የኖረ ሰውዬ ነው። ለልደቱ የእነሱን ዘፈን ከሚጫወቱት ትሪቢዩት ባንዶች ብሪት ፍሎይድን ወይ አውስትራሊያን ፒንክ ፍሎይድን ላሳየው ብዬ ዋጋውን ባይ ደነገጥኩ። ቅናሽ የምታውቁ ጠቁሙኝ እስቲ፣ ደግሞ ከሁለቱ የቱ ይሻላል?

—

እህቴ ዛሬ እንዳትገዢ። ዋናው ባንድ ቢሆን ኖሮ ትኬቱ ሲከፈት ካልያዝሽ አለቀ ነበር፣ ትሪቢዩት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ወንበር ይተርፋል እና ቀኑ ሲቃረብ መሄድ ያልቻለው ሰው ሁሉ ትኬት መልሶ መሸጫ ሳይቶቹ ሲትጊክና ስተብሃብ ላይ ከገዛበት በታች ይለቀዋል፣ ኮንሰርቱ ቀን ከሰዓት በኋላማ አንዳንዴ ያስቃል። ይሄ ግን ለሁለት ሰው ነው፣ አምስት ስድስት ሆናችሁ ጎን ለጎን መቀመጥ ካማራችሁ አይሰራም።

ስታወዳድሪ የመጨረሻውን ዋጋ ብቻ እዪ። ከሜይ 2025 ጀምሮ በኤፍቲሲ (የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ) ሕግ ፊውን፣ ማለት የአገልግሎት ክፍያውን፣ ደምረው ከመጀመሪያው ማሳየት አለባቸው፣ ፊው ራሱ ግን የትም አልሄደም፣ ስለዚህ አዳራሹ ቅርብሽ ከሆነ ደውለሽ በአካል ቦክስ ኦፊስ ብገዛ ስንት ነው በያቸው፣ ብዙ ቦታ ይቀንሳል። ግሩፖንም አልፎ አልፎ ቅናሽ ያወጣል። ቱዴይቲክስ የሚባለው የትኬት አፕ ለቲያትር አሪፍ ነው፣ ለሮክ ብዙም አትጠብቂ። ኮንሰርት አዘጋጁ ላይቭ ኔሽን በዓመት አንዴ የሚያወጣው የ25 ዶላር ትኬት ነበር፣ 2025 ላይ 30 አደረጉት፣ እሱን ግን ቶሎ መያዝ ነው።

ባንዱን በተመለከተ፣ አውስትራሊያኖቹ ከ1988 ጀምሮ አሉ፣ ዴቪድ ጊልሞር ራሱ 50ኛ ልደቱ ላይ አስጫውቷቸዋል። ብሪት ፍሎይድን ያቋቋመው ሰውዬ ደግሞ እነሱ ጋር ዓመታት ጊታር ሲጫወት ኖሮ 2011 ላይ ነው የራሱን የከፈተው፣ ስለዚህ ጎበዙ ማነው ብለሽ አትጨነቂ፣ የረከሰውን ውሰጂ። ፊት ለመቀመጥም አትክፈዪ፣ ሌዘሩና ክቡ ስክሪን ከኋላ መሀል ላይ ነው በደንብ የሚታየው።

—

መጠበቅ የሚባለው ሁሉም ቦታ አይሰራም። አሌክሳንድሪያ ያለው በርችሚር አዳራሽ 500 ወንበር ብቻ ነው፣ እዛ የሚመጣ ደህና ትሪቢዩት ቶሎ ያልቃል፣ መቀመጫውም በመጣሽበት ተራ ስለሆነ ትኬት ይዘሽም ካረፈድሽ ጥግ ነሽ። ኮንሰርቱ ዎልፍ ትራፕ (ቨርጂኒያ ያለው፣ ከኋላው ክፍት ሳር ያለበት ቦታ) ከሆነ ግን ዓይንሽን ሳታሺ የሳሩን ትኬት ግዢ። ከጣሪያው ስር ካለው በጣም ይረክሳል፣ ምግብና መጠጥ ከቤት ይዞ መግባት ይፈቀዳል፣ ፓርኪንጉም ነጻ ነው። እኛ ጥብሱን በእንጀራ ጠቅልለን ነው የምንሄደው፣ ጎረቤት የተቀመጡት ፈረንጆች ሳይጠይቁን አያልፉም። ሲያልቅ ከፓርኪንግ መውጣቱ ግን ፈተና ነው።

እና ደግሞ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ «በዜል ላኪልኝ ስክሪንሾቱን እልክልሻለሁ» ከሚል ሰው፣ ሀበሻም ቢሆን፣ እንዳትገዢ። የቲኬትማስተር ባርኮድ አፑ ላይ በየጊዜው ስለሚቀያየር ስክሪንሾት በር ላይ አያስገባም፣ ትኬቱን አፑ ላይ ትራንስፈር ካላደረገልሽ ብር እንዳትልኪ።

—

እናመሰግናለን ተባረኩ! ሳሩ ተመችቶኛል ግን ዝናብ ቢመጣስ?

—

ዝናብ ቢዘንብም ይጫወታሉ፣ ትኬቱም አይመለስም። ለዚህም እኮ እስከ መጨረሻው ቀን መጠበቁ ይጠቅምሻል፣ ዌዘሩን አይተሽ ትገዣለሽ፣ ደመና ሲሆን ደግሞ ሰው መልሶ የሚሸጠው ትኬት ዋጋ ይበልጥ ይወርዳል።