ልጄ የሜትኮ ዕጣ ደርሷታል፣ ልላካት ወይስ ይቅር?

እናት ከዶርቼስተር፣ ቦስተን፦
ሰላም ወገኖች። ልጄ አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው፣ የሜትኮ (የቦስተን ልጆች በአውቶቡስ እየተመላለሱ በዙሪያው ባሉ ከተሞች ትምህርት ቤት የሚማሩበት ፕሮግራም) ዕጣ ወጥቶላት ሌክሲንግተን ከተማ ቦታ አግኝታለች። ትምህርቱ ጥሩ ነው ይላሉ። ግን ገና ሳይነጋ አውቶቡስ መጠበቅ አለባት፣ ክፍሏ ውስጥ እሷን የሚመስል ልጅ ላይኖር ይችላል፣ ብትታመም ደግሞ እኔ መኪና የለኝም። የላካችሁ ምን ትላላችሁ?

መልስ 1፦
እህቴ፣ ላኪያት። የእኔ ልጅ ኒውተን ነው የተማረው። መጀመሪያ አካባቢ አውቶቡስ ላይ እንቅልፍ ይጥለው ነበር፣ ማታ በጊዜ ማስተኛት ስንጀምር ለመደው። እዚያ የሜትኮ ኃላፊ አለ፣ ስልኩን ዛሬውኑ ያዢ። ብትታመም ማን እንደሚያመጣልሽ በግልጽ ጠይቂ። ለከተማ ልጆች የአካባቢውን ቤተሰብ የሚያገናኙም አሉ።

መልስ 2፦
ይሄ እኮ በልመና የተገኘ ነገር አይደለም። የቦስተን ጥቁር ወላጆች ለልጆቻቸው ታግለው በ1966 (በፈረንጆች) ያስጀመሩት ነው፣ ያኔ 220 ልጆች ወደ 7 ከተሞች ሄዱ። በ1974 ፍርድ ቤት የቦስተን ጥቁርና ነጭ ልጆች ተቀላቅለው እንዲማሩ ብሎ ካዘዘው የአውቶቡስ ጉዳይ ጋር አታምታቺው፣ ሜትኮ በፈቃድ ነው። ክፍያም የለውም፣ ወጪው በዋናነት የስቴቱ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ግን ሁልጊዜ የሚመላለሰው የከተማው ልጅ መሆኑ ነው።

መልስ 3፦
እኔ ራሴ በሜትኮ ነው የተማርኩት። ትምህርቱ ጠቅሞኛል፣ ብቸኝነቱም እውነት ነው። ማታ ማታ «ውሎሽ እንዴት ነበር?» ብለሽ አትለፊው፣ ምሳ ከማን ጋር እንደበላች ጠይቂያት።