የተንታኝ ወንበር፦ ለስም ወይስ ለሙያ?

የክርክሩ መነሻ፦ የፎክስ ቴሌቪዥን በ2024 የቀድሞውን ተጫዋች ቶም ብሬዲን ቀዳሚ የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ፕሮፌሽናል ሊግ) ተንታኙ ሲያደርገው፣ ቦታውን ይዞ የነበረው ግሬግ ኦልሰን ወደ ሁለተኛው የስርጭት ቡድን ወረደ። ኪርክ ኸርብስትሪት ደግሞ ኤንኤፍኤል ውስጥ አንድ ጨዋታ ሳይጫወት ከተንታኝነት ሙያው ጫፍ ደርሷል። ብሬዲና ኸርብስትሪት ሁለቱም የኮሌጅ ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረው የማጥቃቱ መሪ) ነበሩ፤ ብሬዲ የሚሺጋን፣ ኸርብስትሪት የኦሃዮ ስቴት። ወንበሩ የሚገባው በየትኛው መንገድ ለመጣ ነው?

የቅዳሜ ተመልካች፦ እንደ ኸርብስትሪት ለመጣ። ኦሃዮ ስቴት ቋሚ ተሰላፊ የሆነው በመጨረሻ ዓመቱ በ1992 ነው፤ ከሚሺጋን ጋር 13 ለ 13 የተለያዩትም ያኔ ነው። በድራፍት (የኤንኤፍኤል ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ሥርዓት) የመረጠው የለም። ኮሎምበስ ውስጥ ሬዲዮ ላይ ጀመረ፣ በ1996 የኢኤስፒኤን ቴሌቪዥን የኮሌጅ ፉትቦል ፕሮግራም ኮሌጅ ጌምደይ ወሰደው፣ ከ2022 ጀምሮ የአማዞንን የሐሙስ የኤንኤፍኤል ጨዋታ ከዋናው አስተላላፊ አል ማይክልስ ጋር ያስተላልፋል። ሥራውን የተማረው እየሠራ ነው።

ቀዩ መስመር፦ ቶኒ ሮሞንስ የት ልታደርገው ነው? በ2017 ከዳላስ ካውቦይስ ኳርተርባክነት ወጥቶ በቀጥታ ሲቢኤስ ዋናው ወንበር ላይ ተቀመጠ። በጥር 2019 ፓትሪየትስ ካንሳስ ሲቲን ሲገጥም ፕሌዩን (ቡድኑ የሚሞክረውን እንቅስቃሴ) ከስናፑ (ኳሱ ተሰጥቶ እንቅስቃሴው ከሚጀመርበት ቅጽበት) በፊት ሲናገር ሰምተናል። ሁለቱ ሴፍቲዎች (የመከላከያው የመጨረሻ ተጫዋቾች) ወደኋላ ርቀው ቆመዋል ወይስ አንዱ ወደፊት ቀርቧል የሚለውን በአንድ እይታ ማንበብ ሬዲዮ አያስተምርም።

አርባ ሰከንድ፦ ወንድሜ፣ ማንበብና ማስረዳት ለየቅል ናቸው። በሁለት ፕሌይ መካከል ሰዓቱ 40 ሰከንድ ነው። ከስናፑ ጀምሮ ኳስ የያዘው እስኪወድቅ ድረስ ያለው ጊዜ የዋናው አስተላላፊ ነው፤ ቡድኑ መስመር ሲይዝም ተንታኙ ዝም ማለት አለበት። የሚተርፈው 15 ወይም 20 ሰከንድ ነው፣ ያለ ሃድል (ተሰብስበው ሳይመካከሩ) ሲጫወቱ ደግሞ ያም የለም። በዚያ መሐል ፕሮዲዩሰሩ የሚመጣውን ድጋሚ ምስል በጆሮው ይነግረዋል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ምስሉ የግራውን ጋርድ (ከፊት መስመር ላይ የሚከላከለውን የማጥቃት ተጫዋች) እያሳየ እሱ ተቀባዩን ያወድሳል። ወይም «ግሩም ውርወራ» ብሎ ሁሉም ያየውን ይደግማል። የሚሠራው ዘዴ ምስሉ ከመንቀሳቀሱ በፊት ዓይን የት እንዲያርፍ መንገር ነው፦ «32 ቁጥርን እዩት፤ ሩጫ መስሎት ሁለት እርምጃ ወደፊት ወጣ፣ ከጀርባው ባዶ ሆነ።» አንድ ተጫዋች፣ አንድ ምክንያት፣ በቃ።

የቅዳሜ ተመልካች፦ ዝግጅቱንም ጨምርበት። ኤንኤፍኤል 32 ቡድን ነው፤ በኮሌጁ ትልቁ እርከን ከ130 በላይ አለ፣ ተጫዋቹም በየዓመቱ በትራንስፈር ፖርታል (ተጫዋቾች ኮሌጅ በሚቀይሩበት ሥርዓት) ይገለባበጣል። በየሳምንቱ የሁለቱን ቡድን ስምና ቁጥር በካርቶን ላይ እንደገና መጻፍ፣ 22ቱም ተጫዋቾች የሚታዩበትን ፊልም ማየት ግድ ነው።

ቀዩ መስመር፦ ብሬዲ ፊልም አያይም ልትለኝ ነው? በዚያ የሚበልጠው የለም።

አርባ ሰከንድ፦ ያያል፤ ግን በጥቅምት 2024 የኤንኤፍኤሉ ቡድን የሬይደርስ ባለድርሻ ሆነ። በዚህ ምክንያት በመጀመሪያው ዓመት ሌሎች ቡድኖች ግቢ እንዳይገባና ከአሰልጣኞች ጋር በሚደረገው የዝግጅት ስብሰባ እንዳይቀመጥ ተከልክሎ ነበር። አሰልጣኙ «ይሄ ልጅ ጉልበቱን አሞታል፣ በዚህ ጎን አንሄድም» የሚለው እዚያ ነው። ተመልካቹ ያን መረጃ አጣ። ይሄ ለእኔ ከዝናው የባሰ ጉዳይ ነው።

ቀዩ መስመር፦ በድርሻው ነገር እስማማለሁ፣ ባለቤት ወንበሩ ላይ መቀመጥ የለበትም። ግን ኸርብስትሪትም የትውልድ ቡድን አለው።

የቅዳሜ ተመልካች፦ አለው፣ ዋጋም ከፍሎበታል። ለኦሃዮ ስቴት አላደላም ብሎ ከገዛ ደጋፊዎቹ ጫና ሲበዛበት በ2011 ቤተሰቡን ይዞ ከኮሎምበስ ወደ ናሽቪል ሄደ።

ቀዩ መስመር፦ ይሁን። ሮሞን ግን አልመለሳችሁልኝም።

አርባ ሰከንድ፦ የሮሞ የመጀመሪያ ዓመታት ድንቅ ነበሩ፣ አልክድም። በአእምሮው የነበረው ከሜዳ በቅርቡ ይዞት የወጣው እውቀት ነው። መከላከያው ግን በየዓመቱ ይለወጣል፤ ከስናፑ በፊት ሁለት ሴፍቲ አሳይቶ ከስናፑ በኋላ ወደ አንድ መቀየር ዛሬ የየሳምንቱ ነገር ነው። ከሜዳ የወጣ እውቀት ሦስት አራት ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ ግምቱ እየሳሳ ጩኸቱ እየበዛ ይሄዳል፣ በሮሞም ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። ኸርብስትሪት ከ1996 ጀምሮ የቆየው በተጫዋችነት ዘመኑ አይደለም፣ በቋሚነት የተሰለፈው አንድ ዓመት ብቻ ነው።